ከእኛ በፊት የመጣችው

ባለፈው ክረምት ጎረቤቴ ባናዋን፣ ያንን ወፍራም የሱፍ ብርድ ልብስ፣ አጥባ አጥሩ ላይ አሰጣች። ከዝናቡ መሀል ለአፍታ ብቅ ያለችው ፀሐይ ስትነካው ሽታው በመስኮት ገባ፤ የረጠበ የበግ ጠጉር፣ ሳሙና፣ ትንሽም ጭስ። የያዝሁትን ስልክ አስቀምጬ ቁጭ አልሁ። ባና ሰው ያስለቅሳል ቢባል ማን ያምናል? እኔን ግን አስለቀሰኝ። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

ነገሩ የሆነው መካነ ኢየሱስ ከተማ አሥረኛ ክፍል ሳለሁ ነው። በዚያ ዓመት ጥምቀት ካለፈ በኋላ የሰንበት ትምህርት ቤታችን በየሰፈሩ አልጋ ላይ የቀሩትን አረጋውያንና ሕሙማን መዝግቦ ለሁለት ለሁለት አከፋፈለን። ወንዶቹ ውኃ ይቀዳሉ፣ እንጨት ይፈልጣሉ፤ እኛ ሴቶቹ እናጥባለን። ሰብሳቢያችን "መዘመር ብቻውን አገልግሎት አይደለም" አለን። ከመዘምራኑ ሁሉ ድምፁ የማያምር እሱ ብቻ ስለነበር፣ "ለራሱ ሥራ ፈልጎ ነው" እያልን ሳቅንበት።

ለእኔና ለባልንጀራዬ አንዲት መነኩሲት ደረሱን። እማሆይ እንላቸዋለን። ዓይናቸው ከጠፋ፣ እግራቸውም ከተሳሰረ ቆይቷል፤ ልጅ አልወለዱም። ትውልዳቸው ስማዳ፣ ከወገዳ ወዲያ ነው። በወጣትነታቸው ጋይንት ቤተ ልሔም ለቆሎ ተማሪዎች ውኃ እየቀዱና እህል እየፈጩ ኖሩ ይባላል። ቤታቸው ሰፈሩ አልቆ ገደሉ በሚጀምርበት ጫፍ ላይ ያለች አንድ ክፍል ናት። ወደ እሷ የሚወስደው መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ ከበስተኋላዋ ገደል፣ ከገደሉ ሥር ወንዝ።

ቅዳሜ ቅዳሴ ሲወጣ፣ ጠዋት ፀሐይ ላይ ያስቀመጥነውን ጀሪካን አንሥተን እንወርዳለን። ውኃው ለብ የሚለው ቀትር ላይ ስለሆነ የእኛም ሰዓት ቀትር ሆነ። እናቴ ይህን አልወደደችውም። "በቀትር ወደ ገደሉ አትውረጅ፤ ቀትር የራሱ ባለቤት አለው" ትለኛለች። "የእግዜር ሥራ ይዤ ምን ይነካኛል?" እላታለሁ፤ በአፌ። ልቤ ግን ይፈራ ነበር። በዚያ ሰዓት ጥላችን እግራችን ሥር ይገባል፣ ዶሮ እንኳ አይጮኽም፣ ከወንዙ የሚወጣው ድምፅ ሰው ከሩቅ የሚያወራ ይመስላል።

እውነቱን ልናገርና፣ በመጀመሪያው ቀን እግራቸውን ስነካ ቀፈፈኝ። ቆዳው እንደ ግራር ቅርፊት ሻክሯል። እሳቸው ግን አውቀውብኝ ነው መሰል ወደ ጣሪያው ቀና ብለው ያመሰግናሉ፤ "እጃችሁ ይባረክ ልጆቸ፣ እጃችሁ ይባረክ።" እየቆየሁ ስሄድ መቅፈፉ ቀረ። እንዲያውም ቅዳሜን መናፈቅ ጀምሬ ነበር።

ዐቢይ ጾም በገባ በሁለተኛው ቅዳሜ ስንወርድ በሩ ገርበብ ብሏል። ባናቸው ታጥቦ ደጅ ካለው አግዳሚ እንጨት ላይ ተሰጥቷል፤ ውኃው ገና ጠብ ጠብ ይላል። ገባን። ወለሉ ርሷል። የእማሆይ እግር እስከ ጉልበታቸው ርጥብ ነው።

"አሁን ወጣች እኮ፤ አላገኛችኋትም?" አሉን።

"ማን እማሆይ?"

"ያች ልጅ ናታ። አትናገርም። እጇ ይቀዘቅዛል፤ ግን አስተጣጠቧ! እንዲያው ምን ልበላችሁ።"

በዚያ አንድ መንገድ ስንመጣ ማንንም አላገኘንም። ተያይተን ወደ ደጅ ወጣን። ደፉ ላይ ካለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ የርጥብ እግር ምልክት አለ፤ አንድ ብቻ፣ ባዶ እግር፣ ትንሽ፣ ወደ ውጭ የዞረ። ከድንጋዩ ቀጥሎ ባለው አቧራ ላይ ግን የእኛ ኮቴ እንጂ ሌላ የለም። እያየነው ከተረከዙ ጀምሮ ደረቀ። በመጨረሻ የቀሩት አምስቱ ጣቶች ነበሩ፤ እነሱም አንድ በአንድ ጠፉ። የባልንጀራዬ ጥፍር ክንዴ ውስጥ ሲገባ ነው ማማተብ የታወሰኝ።

ያም ሆኖ ተመልሰን ገባንና የታጠበውን እግር እንደገና አጠብን። ሌላ ምን እናድርግ?

በሚቀጥለው ቅዳሜም እንዲሁ ሆነ፤ ከዚያ በኋላ ባለውም። ሰብሳቢያችን አባላቱን ሁሉ ጠየቀ፤ እኔ ነኝ ያለች የለችም። ለንስሐ አባታችን ስንነግራቸው መስቀላቸውን እያሻሹ "ያያችሁትን ለሰው አታውሩ። እናንተ የተላካችሁት እግር ልታጥቡ ነው" አሉን።

ባልንጀራዬ አፏን ያዘች። እኔ ለእናቴ ነገርኋት። እናቴ ለጽዋ ማኅበርተኞቿ ነገረች። ከዚያ በኋላ የሰፈሩን አፍ ማን ይዘጋዋል! መልአክ ናት ያለ አለ፣ ጻድቅ ናት ያለ አለ። አንዱ የደረቀውን ድንጋይ በስልኩ ቀርጾ ለጠፈው። እኛ እግር ስናጥብ ሴቶች ደጅ ላይ የፕላስቲክ ጠርሙስ ይዘው ይጠብቃሉ፤ እጣቢውን ለታመመ ልጅ ሊወስዱ። የተሳለም ስለቱን ያመጣ ጀመር። ሁለት ጥላ፣ የጧፍ እስር፣ አንድ አዲስ ምንጣፍ፣ ዕጣን በወረቀት ተጠቅልሎ። ዳቦ ያመጣ አልነበረም። ለመልአክ ማን ዳቦ ያመጣል?

ከዚያ በፊት ማታ ማታ እንጀራ የምታቀርብላቸው አንዲት ጠላ ሻጭ ጎረቤት ነበረቻቸው። "እኔ ኃጢአተኛዋ፣ እንዲህ ያለ ነገር ወደሚገባበት ቤት በየትኛው እግሬ ልግባ? ንጹሕ የምሆነውስ በወር ስንት ቀን ነው?" ስትል በጆሮዬ ሰምቻታለሁ። ክፋት አልነበረባትም፤ ቤተ ክርስቲያን ለመግባት የምትጠነቀቀውን ያህል ነው የተጠነቀቀችው። እንጀራውን በሰሃን አድርጋ አጥሩ ሥር ታስቀምጥና ሦስት ጊዜ ሰግዳ ትመለሳለች። ጠዋት ሰሃኑን ባዶ ስታገኘው "ተቀበሉኝ" ብላ ደስ ይላታል። ዓይናቸው የማያይ፣ እግራቸው የማይሄድ ሴት አጥር ሥር ያለ እንጀራ እንዴት እንደሚያነሡ ማናችንም አልጠየቅንም። የሰፈሩ ውሾች ግን ሰዓቱን ለይተው ያውቁት ነበር።

ጾሙ ሲጋመስ ሰብሳቢያችን ጠራን። "እማሆይ የሚያገለግላቸው አግኝተዋል። ምንም የሌላቸው ብዙ ናቸው፤ እናንተ ወደ ላይኛው ሰፈር ሂዱ" አለን። ደስ አለኝ። ሌላ ስም ልሰጠው አልፈልግም፤ ደስ አለኝ። ከዚያ ገደል፣ ከዚያ ቀትር፣ እየደረቁ ከሚጠፉት ጣቶች ተገላገልሁ። ከእኔ የተሻለች አጣቢ ካላቸው እኔ ምን አደርግላቸዋለሁ ብዬም ራሴን አሳመንሁ።

ባልንጀራዬ ዛሬ ባሕር ዳር ናት። በስልክ ስለ ልጆችና ስለ ኑሮ ውድነት እናወራለን፤ እማሆይን ግን አንድም ቀን አንሥተናቸው አናውቅም። ታሪኩን የነገርኋቸው አንዳንድ ሰዎች "ከገጠር የመጣች ዲዳ ልጅ ትሆናለች" ይሉኛል። ይሆናል። ግን የመካነ ኢየሱስ ሰው እንግዳ ሲገባ ሦስት ቀን ሳይሞላ የማን ዘር እንደሆነ አጣርቶ የሚጨርስ ነው። እሷን ያያት የለም።

ጸሎተ ሐሙስ ደረሰ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ለሕጽበተ እግር ተሰልፈናል። የንስሐ አባታችን በወገባቸው ማበሻ ታጥቀው፣ የወይራ ቅጠል ውኃ ውስጥ እየነከሩ የምእመኑን እግር ያጥባሉ። ከፊቴ የተሰለፉትን ሴቶች እግር አየሁ። ሁሉም ንጹሕ ነው። ቄስ ፊት ቆሻሻ እግር ይዞ መቅረብ ነውር ስለሆነ ሁላችንም ቤታችን ታጥበን ነበር የመጣነው፤ እኔማ ቫዝሊን ሁሉ ተቀብቻለሁ። የታጠበ እግር ሲታጠብ እያየሁ ሳለ የእማሆይ እግር ትዝ አለኝ። ካየኋቸው አራት ሳምንት ሊሞላኝ ነው። ተራዬ ሊደርስ ሦስት ሰው ሲቀር ሰልፉን ጥዬ ወጣሁ።

ቀትር አልፎ ነበር። መንገዱ ላይ ሰው የለም፤ ሁሉም ስግደት ላይ ነው። በሩን ስገፋው የጠበቅሁት የዕጣን ሽታ ነበር፤ የተቀበለኝ የሽንት ሽታ ነው። ጥላዎቹ ግድግዳው ሥር እንደ ቆሙ ናቸው። ጧፉ ከእስሩ አልተፈታም። እማሆይ መደባቸው ላይ ወደ ጥግ ተሰብስበው ሳይ መጀመሪያ የተጣጠፈ ልብስ መስለውኝ ነበር።

"ማነሽ?" አሉ።

"እኔ ነኝ እማሆይ።"

"እጅሽን አምጭ።" ሰጠኋቸው። ዳበሱት። "አዎ፣ አንች ነሽ። ይሞቃል።"

"ያች ልጅስ? አትመጣም?"

"ኧረ እሷም ቀረች ልጀ። እናንተ የቀራችሁ ዕለት ቀረች።"

"ታዲያ አንቱ ምን ይበላሉ? ማን ያበላዎታል?"

"ጾም አይደለ?" አሉኝ፣ እኔን ሊያጽናኑ። "ጾም ነው ብየ ቆጠርሁት። አንዳንድ ቀን ውኃና ጭብጥ በሶ የሚያቀብለኝ አላጣም።"

እየሮጥሁ ወደ ጠላ ሻጯ ሄድሁ። የሞቀ ውኃ ይዛ ተከተለችኝ፤ ደፉ ላይ ስትደርስ እንደ ልማዷ ቆመች። "ግቢና እያቸው!" ብዬ ጮኽሁባት፤ በታላቄ ላይ ስጮኽ የመጀመሪያዬ ነው። ገባች። ስታያቸው ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና "ወየው እኔ፣ ውሻ ነው ያበላሁት" አለች። ከዚያ ጉልባን ላምጣ ብላ ሮጠች።

ከዚያች ዕለት ጀምሮ ሁለታችንም አልተለየናቸውም። ግን አርፍደን ነበር። ትንሣኤን አብረውን ዋሉ፤ ለዳግማይ ትንሣኤ አልደረሱም። ሰዉ በቀብራቸው ላይ ስለ መልአኩ ሲያወራ ሰማሁ። ስለ አጥሩና ስለ ውሾቹ አንሥቶ የሚናገር አልነበረም፤ እኔም ዝም አልሁ። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ እሱ ነው።

በዚያ ሐሙስ ግን፣ ጎረቤቲቱ ጉልባኑን ልታመጣ እንደ ወጣች፣ ብቻዬን ተንበርክኬ ቀኝ እግራቸውን ማጠብ ጀመርሁ። በጣም ቀሎ ነበር። እያለቀስሁ "ይቅር ይበሉኝ እማሆይ፣ ይቅር ይበሉኝ" እላለሁ። እሳቸው ግራ እግራቸውን በእጃቸው ጎተት አደረጉና ዘረጉት፤ ወደ እኔ አይደለም፣ ወደ ጎኔ፣ ማንም ወደሌለበት።

"መጣሽ?" አሉ። ፊታቸው ፈካ። ያሉት እኔን አልነበረም።

ቀኝ ትከሻዬ በረደኝ። እጄ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ውኃው ግን ሲፈስ ይሰማኛል። ዞሬ አላየሁም። ፈርቼ ነበር፤ ከፍርሃቱ ግን እፍረቴ ባሰ። የውኃውን ሳፋ ቀስ ብዬ ወደ መሀል ገፋሁትና ጠጋ ብዬ ቦታ ለቀቅሁላት።