የደብሪቱ ተዝካር

ልጅ ሳለሁ በእኛ ቀዬ መጽሐፍ አይዋሽም ነበር። አርብ ገበያ አጠገብ ባለችው መንደራችን የሚታወቁት መጻሕፍት በሙሉ የቤተ ክርስቲያን ነበሩ፤ በቆዳ ማኅደራቸው ተንጠልጥለው የሚኖሩ፣ ሲወጡ የሚሳለሟቸው፣ ሲነበቡ ቆመው የሚሰሟቸው። ውሸት የሚወራው በአፍ ነው፤ እሱም ቢሆን ምልክት ነበረው። ተረት የሚያወራ ሰው «ተረት ተረት» ብሎ ይጀምራል፣ እኛ «የላም በረት» እንላለን፣ ሲጨርስም አፉን በዳቦ እንድናብስለት ይጠይቃል። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ጅብ ቢናገር፣ ጦጣ ዳኛ ሆና ብትቀመጥ ማንም አይከራከርም። ከዚያ ውጭ የተነገረ ሁሉ ግን ወይ እውነት ነው፣ ወይ ኃጢአት ነው።

ይህን የማነሣው በእህቴ ልጅ ምክንያት ነው። በየወሩ አዳዲስ ልብ ወለዶች ታመጣልኛለች፤ አንብቤ ስጨርስ «እንዴት ነው?» ትለኛለች። ጡረታ የወጣሁ አስተማሪ ስለሆንሁ ማርክ የምሰጥ ይመስላታል። የዛሬ ደራስያን ጎበዞች ናቸው፤ አልዋሽም። ታሪኩን ከመጨረሻው ጀምረው ወደ ኋላ ይወስዱታል፣ ባለታሪኩን ስም ሳያወጡለት ሦስት መቶ ገጽ ያስኬዱታል፣ አንዳንዱ እንዲያውም ራሱ ደራሲው መሐል ላይ ብቅ ብሎ ያዋራኛል። ደስ የሚለኝም አለ፣ ራሴን የሚያመኝም አለ። እኔ ግን መጽሐፍ የምመዝነው በሌላ ነገር ነው፤ በእማሆይ ጥሩነሽ ጎታ። ይህን ለልጅቱ ነግሬያት አላውቅም።

እማሆይ ጥሩነሽ የአባቴ አክስት ነበሩ። ባላቸው ሲሞቱ መነኰሱ፤ ልጅ ስላልነበራቸው ከእኛ ግቢ ጎጆ ተቀልሶላቸው ይኖሩ ነበር። ያኔ ምሽት ላይ ከብቱ ገብቶ፣ የኩበቱ እሳት ወደ ፍም ሲያዘነብል፣ ልጆች ሁሉ እዚያች ጎጆ ውስጥ እንታጨቅ ነበር። እሳቸው ፈትላቸውን እያሾሩ ያወራሉ። እንዝርቱ በኩራዟ ብርሃን ግድግዳው ላይ ጥላ ይጥላል፤ ጢሱ ዓይናችንን እያስለቀሰን ከበሩ አጠገብ ለመቀመጥ እንጋፋለን። እኔ የምወደው ተረት የአህያዪቱ ነበር። ጅብ ይዟት ሊበላት ሲል «አንድ ጊዜ የዓርቡን ገበያ ልየው» ብላ ትለምነዋለች፤ እሱም ጥሩ ነው ብሎ አብሯት ይወጣና እዚያ ጨው ሻጭ፣ በርበሬ ሻጭ፣ ሸማ ሻጭ ሲያይ አፉን ከፍቶ ይቀራል፣ እሷም ትሄዳለች። እማሆይ ገበያውን ሲያወሩት የጨዉ ጣዕም ሁሉ በምላሴ ላይ ይመጣ ነበር። መቶ ጊዜ ሰምቼው መቶ ጊዜ ለአህያዪቱ ፈርቻለሁ።

በጎጆዋ ጥግ አንድ የእህል ጎታ ቆሞ ነበር፤ አፉ በእበት የተመረገ። ማንም አይነካውም። እማሆይ ከሚደርሳቸው ገብስ በየዓመቱ እየቆነጠሩ ያጠራቀሙት ለቁም ተዝካራቸው ነበር፤ ልጅ የሌለው ሰው ስሞት ማን ያስበኛል ብሎ ስለሚሰጋ፣ በሕይወት ሳለ ራሱ ደግሶ ለነፍሱ ያስጸልያል። እኛ ልጆች ስናስቸግር «ከጎታዬ ራቁ፣ የመንገድ ስንቄ ነው» ይሉን ነበር።

አንድ ክረምት ወንድሜ መንገሻ ትምህርት ተዘግቶ ከደብረ ታቦር መጣ። ያኔ ዘመኑ የጃንሆይ ነው፤ ደብረ ታቦር ደርሶ የተመለሰ ልጅ ኢየሩሳሌም ተሳልሞ የመጣ ያህል ይከበራል። በሻንጣው ውስጥ ሽፋኑ ተገንጥሎ የወደቀ፣ የመጀመሪያ ቅጠሎቹ የጎደሉ አንድ መጽሐፍ ነበረ። እኔ ሴት ልጅ ብሆንም ፊደል ከየኔታ ቆጥሬ፣ አዲስ በተከፈተው ትምህርት ቤት ሦስተኛ ክፍል ደርሻለሁና መጽሐፉን ነጥቄው ወደ እማሆይ ጎጆ ሮጥሁ። «ምን ይላል?» አሉኝ። ማንበብ ጀመርሁ።

ስለ ደብሪቱ ነበር የሚለው። ደብሪቱ ወደ ሩቅ ከተማ ሄዶ የቀረ ወንድሟን ልትፈልግ ከአገሯ የወጣች ልጅ ናት። በየመንገዱ ስሙን ትጠይቃለች፣ በየቤቱ እየፈጨች ታድራለች፣ «አይቼዋለሁ» ያላትን ሁሉ ትከተላለች። በማግስቱ ምሽት ሁለት ጎረቤቶች መጡ፤ በሦስተኛው ጎጆዋ ሞላች። ዝናቡ የሣሩን ክዳን ይደበድባል፤ እኔ ከኩራዟ ሥር ተቀምጬ ጣቴን በመስመሩ ላይ እየጎተትሁ አነባለሁ፤ እናቶቼ የሚሆኑ ሴቶች በእኔ አፍ ላይ ዓይናቸውን ተክለው ይጠብቃሉ። ትንፋሽ ለመሳብ ባቆም «እሺ፣ ከዚያስ?» ይሉኛል። በዚያች ጎጆ ውስጥ ያኔ ያደረብኝ መገረም ዛሬም አልለቀቀኝም። ያቺን ወረቀት ላይ ያለች ልጅ ሁሉም እያያት ነበር፤ አንዷ «እግሯ እንዴት ቆስሎ ይሆን» ስትል ሌላዋ «ቅቤ የሚቀባት ሰው አጥታ» ትላለች።

በዚያው ሳምንት መንገሻ ለብቻዬ ስለ ደብሪቱ ሳለቅስ አገኘኝና ሳቀብኝ። መጽሐፉ ልብ ወለድ የሚሉት እንደሆነ፣ ደብሪቱ የምትባል ሰው እንዳልነበረች፣ አንድ ሰውዬ ወንበር ላይ ተቀምጦ ከልቡ ያወጣት እንደሆነች ነገረኝ። ይህን ለማንም አልተናገርሁም። እውነቱን ብናገር ሴቶቹ ወደየቤታቸው የሚበተኑ፣ እኔም ተመልሼ ውኃ ቀጂ ልጅ ብቻ የምሆን መሰለኝ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ እንዲሉ፣ በየምሽቱ ምንም እንደማያውቅ ሰው መጽሐፉን እገልጥ ነበር።

የፍልሰታ ጾም ከተፈታ በኋላ፣ መንገሻም መጽሐፉን ለእኔ ትቶ ጓዙን ሲሸክፍ፣ የመጨረሻውን ምዕራፍ አነበብሁ። ደብሪቱ ወንድሟን ሳታገኝ በሰው አገር ታመመች። በኪራይ ቤት ወድቃ ሞተች፤ ዘመድም የክርስትና ስሟን የሚያውቅ ሰውም ስላልነበረ ሁለት ተሸካሚዎች ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ቀበሯት። መጽሐፉ እዚያ ላይ አለቀ። ማንም አፉን በዳቦ አላበሰለትም። አንዲት ጎረቤታችን ደረቷን መታ መታ አደረገች፤ ሌሎቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው አለቀሱ። እማሆይ ግን አላለቀሱም።

«ፍትሐት ተደረገላት ይላል?» አሉኝ።

«አይልም።»

«የክርስትና ስሟንስ?»

«አይልም፣ እማሆይ።»

በማግስቱ ጠዋት ከፈተሉት ድርና ማግ አንድ ክር ቆርጠው አንድ ቋጠሮ ቋጠሩበት። በሁለተኛው ቀን ሁለተኛ ቋጠሮ። አርባዋን እየቆጠሩላት እንደሆነ የገባኝ ለእናቴ ሲነግሯት ስሰማ ነው። አርባ ሲሞላ የደብሪቱን ተዝካር ሊያወጡላት ነው፤ ከጎታው። እናቴ የራሳቸው ነገር እንዴት ሊሆን እንደሆነ ስትጠይቃቸው፣ እኔስ ብሞት ቢያንስ ከአጥር ውስጥ እቀበራለሁ አሏት። ወቅቱ ደግሞ የከረመው እህል አልቆ አዲሱ ያልደረሰበት ነበር፤ ያን ጊዜ አንድ እፍኝ ገብስ ስንት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። የእኔ ግን በየቋጠሮው እየከበደ ሄደ። ክሩ ምሰሶው ላይ ተንጠልጥሎ ይታየኛል፤ ሳልቆጥረው አላልፍም። ልናገር እያልሁ እመጣና አፌ ውስጥ ይደርቃል። በሃያ አምስተኛው ቋጠሮ ጠዋት ውኃ ይዤላቸው ስገባ የጎታው ምርግ ተሰብሯል፤ ገብሱ ለብቅል በጋን ተዘፍዝፏል። እንስራዬን አውርጄ እዚያው ቆሜ ማልቀስ ጀመርሁ። እማሆይ ደንግጠው ማን እንደመታኝ ጠየቁኝ።

«እማሆይ፣ ደብሪቱ የለችም» አልኋቸው።

«ሞታ የት ትኖራለች፣ ልጄ?»

«አልሞተችም። አልተወለደችም። ሰውዬው ከልቡ አውጥቶ የጻፋት ናት።»

መደቡ ላይ ቁጭ አሉ። ማን እንደነገረኝ ጠየቁኝ፤ ወንድሜ አልሁ። ከመቼ ጀምሮ እንዳወቅሁ ጠየቁኝ፤ ይህንንም ነገርኋቸው። ቢመቱኝ በወደድሁ ነበር።

«ተረት ከሆነ፣» አሉ በመጨረሻ፣ «ምነው ታዲያ ተረት ተረት አላላችሁንም?»

ገብሱን አውጥቼ ፀሐይ ላይ እንደማሰጣው፣ እስኪደርቅ ወፍ እንደምጠብቅለት እየተንተባተብሁ ነገርኋቸው። ተነሥተው እጃቸውን ጋኑ ውስጥ አገቡና አንድ እፍኝ አውጥተው አዩት።

«የተዘፈዘፈ ገብስ ተመልሶ ጎታ አይገባም» አሉ። «ያለቀስነውስ ዕንባ ተመልሶ ይገባል ወይ? ነይ፣ መጽሐፉን ያዢ። መምሬ ዘንድ እንሄዳለን።»

መምሬ ዓለሙ የነፍስ አባታቸው ነበሩ፤ የድጓ ዜማ ምስክር ቤት ወዳለባት ቤተ ልሔም ሄደው የተማሩ፣ የማይጠቅም ቃል ከአፋቸው የማይወጣ ሰው። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አገኘናቸው። እማሆይ ሁሉንም ሳይደብቁ ተናዘዙ፤ የእኔን ጥፋት ግን አለዘቡልኝ። መምሬ የመጨረሻውን ምዕራፍ እንዳነብላቸው አዘዙኝ። አነበብሁላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ፤ የቀብሩን ቦታ ደግሜ እንዳነበው አደረጉኝ። ሲያበቃ ያልተወለደ ሰው ስም በጸሎት እንደማይጠራ ቁርጥ አድርገው ተናገሩ። እማሆይ አንገታቸውን ደፉ።

ከዚያ መምሬ መጽሐፉን ከእጄ ተቀበሉና ሽፋን አልባውን ጀርባውን ዳበሱት።

«ይኽ ጸሐፊ ግን ከአጥር ውጭ ሲቀበር ያየው ሰው አለ» አሉ። «ሳያይ እንዲህ አይጽፍም። የዚያን ሰው ስም ፈጣሪ ያውቀዋል። ድግሱ ለእሱ ይሁን።»

ተዝካሩ በአርባኛው ቋጠሮ ወጣ። ካህናቱ መጡ፤ የቆሎ ተማሪዎች መጡ፤ ከወገዳ በኩል የመጡ መንገደኞች ጭስ አይተው ገቡ። ጨው ነጋዴዋ ዘይነባ ከበሰለው እንደማትቀምስ እያወቀች ለወጡ የሚሆን ጨው ይዛ መጣች፤ እሷም ከአድማጮቹ አንዷ ነበረች። መምሬ በጸሎታቸው «ስማቸውን አንተ የምታውቅ» እያሉ፣ በየመንገዱ ቀባሪ ያጡትን ሁሉ አሰቡ። እኔ ዳቦ አዳይ ነበርሁ። አንድ ዓይነ ስውር ሽማግሌ ድርሻውን ተቀብሎ የማን ተዝካር እንደሆነ ጠየቀ፤ ነፍስ ይማር ሊል ስም ፈልጎ ነው። እማሆይ ከወዲያ ሰሙትና «ዳቦ የሰጠችህን ልጅ ጠይቃት፣ ሟቿን የምታውቃት እሷ ናት» አሉት።

«ደብሪቱ ትባላለች» አልሁት።

«ነፍሷን ይማር» አለ፣ ዳቦውን በሁለት እጁ እንደያዘ።

«አሜን» አልሁ፤ ከልቤም ነበር። ቀና ብዬ ግቢውን አየሁት። ከአርባ የማያንስ ሰው ተቀምጦ ይበላል፤ በዚያ በችጋሩ ወር ጠግበው የሚያድሩ እውነተኛ ሆዶች። ያበላቻቸው ደግሞ ያልተወለደች ልጅ ናት። ካህን በመስቀሉ ሲባርከኝ እንኳ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

ከዚያ ወዲህ መንገሻ ሌላ መጽሐፍ ባመጣ ቁጥር እማሆይ ከመግለጤ በፊት እጃቸውን ቅጠሉ ላይ ይጭኑና «መጀመሪያ በይ» ይሉኛል። «ተረት ተረት» እላለሁ፤ ሴቶቹ «የላም በረት» ይላሉ። ከዚያ ግን እንደ በፊቱ ያለቅሳሉ፤ ምንም የቀነሰ ዕንባ አልነበረም። እኔ ይበተናሉ ብዬ የፈራሁላቸው ሴቶች አንዳቸውም አልተበተኑም።

ጎታው ዳግመኛ ሳይሞላ እማሆይ ዐረፉ። እኔ ያኔ በተራዬ ደብረ ታቦር ገብቼ ነበርና የደረስሁት ለአርባቸው ነው። በባዶ ጎታ ምን ይደረጋል እያልሁ መንገዱን ሁሉ አልቅሻለሁ። ግቢው ስገባ በአጥሩ ሥር ስድስት ጋን ተደርድሮ ነበር። ያኔ ከኩራዟ ዙሪያ የተቀመጡት ሴቶች እያንዳንዳቸው በየቤታቸው ገብስ ዘፍዝፈው፣ ጠንስሰው ያመጡት ነው። ማንም አልጠየቃቸውም።

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ያመጣችውን ቀጭን ልብ ወለድ ጨረስሁ። በአንድ ከተማ ሆቴል ሰሃን የምታጥብ ሴት ታሪክ ነው፤ ደራሲው ገና ልጅ ነው ብላኛለች። መጨረሻው ላይ ሴትዮዋ ማንም ሳያያት ትሞታለች። መጽሐፉን ከድኜ ብዙ ቆየሁ። ልጅቱ እንደ ልማዷ «እንዴት ነው?» አለችኝ።

«የክርስትና ስሟ ማን ይሆን?» አልኋት።

የዘለለችው ገጽ ያለ መስሏት መጽሐፉን ተቀብላ ታገላብጥ ጀመር። እኔ ተነሥቼ ጓዳ ገባሁና ገብስ ዘፈዘፍሁ።