የራሴን ጋቢ ያላወቅሁበት ቀን

መተማ ዮሐንስ ሽመና የጀመርሁ ዕለት አሠሪዬ አያ ውበቱ መወርወሪያውን አላስነኩኝም። እግሬን ከጉድጓዱ አስገብተው፣ የመርገጫውን ገመድ ከአውራ ጣቴ አጥልቀው፣ ያለ ማግ ድሩን ሲያስረግጡኝ ዋሉ። መጀመሪያ የሚማረው እግር ነው አሉኝ። ሲመሽ እግሬ ተምሮ ነበር፤ ቆሞ መሄድ ግን ረስቷል።

የመተማን ሙቀት ለሚያውቅ የሸማኔ ጉድጓድ ሹመት ነው። ከወገቤ በላይ መተማ ብሆን ከጉልበቴ በታች ደባርቅ ነበርሁ።

አያ ውበቱ ሲያርፉ የኪራይ ክፍሉን ከነጉድጓዱ ወረስሁ። ያኔ ለሰሊጥ አጨዳ ከደጋ የወረደ ሁሉ ሲመለስ ለእናቱ ጋቢ ይገዛ ነበር። ድሩን ከፋብሪካ ክር፣ ማጉን ከእጅ ፈትል አድርጌ እሸምናለሁ፤ አፌም ከእጄ እኩል ይሠራል። የእኔን ጋቢ በጨለማ ዳብሼ አውቀዋለሁ ማለት አበዛሁ። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

ከዚያ የማሽን ጋቢ በቦንዳ መጣ። አከራዬ ታንጉት እሱን መቸርቸር ጀመረች። ለዕቃዋ ማስቀመጫ የእኔን ክፍል ብትፈልግም ልቀቅ ለማለት አፈረች። እኔም ማፈሯን አውቄ ዝም አልሁ።

አንድ ቀን አጫጆች ጋቢ ሲያማርጡ ያንኑ ፉከራዬን ሰማችኝ።

«አያ ደሳለኝ፣ እንግዲያ ዓይንዎን ተሸፍነው ይለዩ። ከለዩ ክፍሉ ዕድሜዎን ሙሉ የእርስዎ ነው። ካልለዩ ይለቁልኛል።»

ወደኋላ ማለት ነውር መሰለኝ። ዓይኔን በነጠላዋ ሸፍና፣ ሁለት የታጠቡ ጋቢዎች ጭኔ ላይ አኖረች። አንዱ ጠርዙ ዘንበል ያለ፣ መሐሉ ቋጠሮ ያለበት ነው። ሌላው ልስልስ ያለ፣ እንከን የማይገኝበት።

«ይኼ የማሽን ነው» አልሁ ቋጠሮውን እያሻሸሁ። «የእኔ እጅ እንዲህ ያለ ጉድ አይሠራም።»

 አንድ ጎጃሜ አጫጅ ሳቁን መያዝ አቃተው፤ ሌሎቹም ተከተሉት። ነጠላውን ፈትቼ ሳይ ያ ባለ ቋጠሮው ጋቢ የራሴ ነው።

ያልሳቅን እኔና ታንጉት ብቻ ነን። ቀልድ ነው፣ ይተዉት ብላ ለመነችኝ። እኔ ግን ቃሌን አላጠፍሁም። በሳምንቱ የሽመና ዕቃዬን ነቀልሁ። ስነቅል አለቀስሁ፤ አላፍርበትም።

ለወጣት ሸማኔ፣ የተረፈ ካለ፣ የምነግረው ይህን ነው፦ የራስህን ሥራ ስትፈልግ ከሁሉ የሚያምረውን አታንሳ።