የአባቴ ተረት በቻይና ፊልም

ወንድሜ ቻይንኛ አንድ ቃል አያውቅም። ሚዛን ከተማ ግን የታወቀ የቻይና ፊልም ተርጓሚ ነው። እዚያው አጠገብ ባለችው ከተማ፣ አማን ውስጥ በተከራያት ጠባብ ክፍል የራሱን ድምፅ ይቀዳና ፊልሙ ላይ ይጭናል፤ በፍላሽ እየገለበጠ ይሸጣል። ዝናብ ቆርቆሮውን መምታት ሲጀምር ሥራ ይቆማል።

ፊልሞቹ የጥንት የቻይና አፈ ታሪኮች ናቸው፤ በኮምፒውተር ተኳኩለው የሚቀርቡት። ሰው ሰይፍ ላይ ቆሞ ይበራል፣ ሴቱ ሁሉ ሐር ለብሶ ያለቅሳል። ብዙዎቹ ከታች የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ስላላቸው ወንድሜ በዚያች ይፍጨረጨራል። አንዱ ግን ያለ ጽሑፍ መጣ። እባብ ሴት ሆና ሰው ስታገባ ያሳያል፤ ሌላው አልገባውም። ሲቸግረው አባታችን በቤንችኛ ይነግረን የነበረውን ተረት ጫነበት፤ ከወንዝ ወጥታ የንብ ቀፎ ሰቃይ ያገባችውን እባብ፣ «ከየት እንደመጣሁ አትጠይቀኝ» ብላው ሲጠይቃት ወደ ውሃዋ የተመለሰችውን። ፊልሙ እስከ ቴፒና ማጂ ተቸበቸበ።

አባባ ከማን እንደሰማው ሳይናገር ተረት አይጀምርም። «ይቺን አባቴ ሰጠኝ፤ ለእሱ ደግሞ አባቱ» ይላል። አንድ እሑድ ከሰዓት፣ እኔና ወንድሜ ባለንበት፣ የልጅ ልጆቹን ሰብስቦ እንዲሁ ብሎ የእባቧን ተረት ጀመረ። ትንሽ እንደሄደ የወንድሜ ልጅ ሳቀች።

«አያቴ፣ ይሄማ የቻይና ነው! አይተነዋል እኮ!»

ስልኳን አምጥታ ከፈተችለት። አባባ ዓይኑን አጥብቦ አየ። ሴትዮዋ ሐሯን እየጎተተች ወደ ወንዙ ስትወርድ የገዛ ልጁ ድምፅ የእሱን ቃል ይናገራል። ወደ ወንድሜ ዞረ።

«ልጄ፣ ይሄን ከቻይንኛው ነው የተረጎምከው?»

ልጆቹ ሁሉ ያዩታል። ነገ ወሬውን ለሠፈሩ የሚያዳርሱት እነሱ ናቸው።

«አዎ አባባ» አለ ወንድሜ።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ ይሄኛው አልቀለለም። አባባ ተረቱን አልጨረሰም። «ታዲያ አባቴ የእኛ ነው ያለኝ ለምንድን ነው?» አለ፣ ማንንም ሳያይ።

ሰው ሲበተን ለአባባ እውነቱን ነገርኩት፤ ወንድሜ ቻይንኛው ሳይገባው ያንተኑ ተረት ጭኖበት ነው አልኩት፣ ማልኩለት። እጄን ያዘኝ።

«በዓይኔ አየሁት እኮ ልጄ። እኔን ለማጽናናት ብለሽ ወንድምሽን አታዋርጂው።»

ወንድሜን እንዲናገር ለመንኩት፣ ከዚያም ሰደብኩት። «ማን ይገዛኛል ከዚያ በኋላ?» አለኝ። እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም፤ የምል አይመስለኝም።

አባባ ክረምቱን ሙሉ ታመመ። ጤነኛ ሳለ ከአባቱ መቃብር ጎን እንድንቀብረው አደራ ይለን ነበር። ሊሞት ሲል ቦታው ተዘጋጅቷል አልኩት፤ ደስ ይለዋል ብዬ።

«የትም ቅበሩኝ» አለኝ።