መንታው ኦክ

ባሕር ማዶ፣ ሮቢንስዴል ከተማ ባለው የእማዬ ጓሮ የኦክ ዛፉ ፍሬ እየረገፈ የመኪናዬን ጣሪያ ቋ ቋ ሲያደርገው አያቴ ትዝ ይሉኛል። ዛፉ ከሥሩ መንታ ነው፤ ጥላው ግን አንድ ነው።

እማዬ ለጥላ ብላ የተከለችው ችግኝ ወገቤ ጋ ሲደርስ፣ አያቴ ሊጠይቁን ከአዲስ አበባ መጡ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ባሕር ዛፍ ሲያለሙ የኖሩ ሰው ናቸው። ሊመለሱ ሰሞን፣ ቅጠል መርገፍ ሲጀምር፣ ችግኙን ከመሬት እኩል ቆረጡት።

እማዬ ደነገጠች። “አባዬ፣ ምነው?”

“ሲቆረጥ ነው የሚጎለብተው።”

“ይሄ እኮ ባሕር ዛፍ አይደለም።”

“ሥር የለውም እንዴ?” አሉ፣ መጋዙን በቅጠል እየጠረጉ።

ከሄዱ በኋላ እሑድ እሑድ ይደውሉ ነበር። “አቆጠቆጠ?”

እማዬ በኩሽናው መስኮት ጉቶውን የሸፈነውን በረዶ እያየች፣ “አዎ፣ አባዬ” ትላለች።

“ተመስገን” ይሉና ወሬ ይለውጣሉ። ክረምቱን ሙሉ እንዲህ አለፈ።

በረዶው ቀልጦ ሙቀቱ ሲመጣ ጉቶው የምር አቆጠቆጠ። በዚያ እሑድም እማዬ የመለሰችው፣ በዚያው ድምፅ፣ ያንኑ “አዎ፣ አባዬ” ነበር።

አያቴ ግን ወሬ አልለወጡም። ለመጀመሪያ ጊዜ፣ “ስንት ቀንበጥ አወጣ?” ብለው ጠየቁ።

ጥላው ሥር በቆምኩ ቁጥር፣ በምን እንዳወቁ ይገርመኛል።