ለታማሚ የተለቀቀች ክፍል

እህቴ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው ቃል ስትተይብ ነው የኖረችው። አለቃ ያዘዘውን፣ ከሳሽ የከሰሰውን፣ ሁሉን። ጡረታ በወጣች ማግስት «ከእንግዲህ የራሴን ነው የምጽፈው። ልብ ወለድ!» አለችኝ። እኔ ታናሿ ነኝ፤ ምን ልዋሽ፣ ሳቅሁባት።

ግን የት ሆና ትጻፍ? መኝታ ቤቱን ለልጇ፣ ለምራቷና ለሕፃኑ ለቃ እሷና ባሏ ሳሎን ያድራሉ። እዚያ ስትቀመጥ ሹፌሩ ባሏ ኳስ በሙሉ ድምፅ ይከፍታል። ኩሽና ስትሸሽ ልጇ «እማ፣ ካልሲዬስ?» ይላል። «እሺ ዕቃ ቤቷን ልቀቁልኝ» ብትል ባሏ «ጎማዎቼን የት ላግባቸው? ራሴ ላይ?» አላት።

ቤተ መጻሕፍትም ሞክራ ነበር፤ ጸጥታው አስፈራት። በመጨረሻ የት ብታገኝ ጥሩ ነው? ጤና ጣቢያ፣ ተራ መጠበቂያው ወንበር ላይ! ሰው ያጉረመርማል፣ በር ይንኳኳል፣ እሷን ግን ማንም ምንም አይጠይቃትም። ጠዋት ቁጥር ትወስዳለች፤ ተራዋ ሲደርስ «እርስዎ ይቅደሙ» እያለች ለኋለኛው ትለቃለች። ሁለት ወር እንዲህ ጻፈች።

አንዲት ጎረቤት በየቀኑ እዚያ ታያት ኖሯል። ወሬው ቤት እስኪደርስ በሽታው አድጎ አድጎ ስሙ የማይጠራ ሆነ። አንድ ቀን ስትመለስ ጎማዎቹ ውጭ ተቆልለዋል፤ ዕቃ ቤቷ ተጠርጋ አልጋና ጠረጴዛ ገብቶባታል። ቴሌቪዥኑ ጠፍቷል። ባሏ «አይዞሽ የኔ እመቤት፣ ዕረፊ» ብሎ ዓይኑን ጠረገ። እሷም፣ ጉዷን ስሙ፣ «አልታመምኩም» ማለት አቃታት። ገብታ መጻፏን ቀጠለች።

እውነቱን የነገረችው ለእኔ ብቻ ነበር፤ ሦስት ሳምንት ምስጢሩን ይዤላት ቆየሁ። ባልየው ደግሞ እህል አልቀምስ ብሎ መነመነ። «ኧረ በፈጠረሽ፣ እህትዓለም! ይሄ ሰው ሊሞትብሽ ነው!» አልኳት።

የዚያኑ ቀን ሁሉንም ሰብስባ ተናገረች። ልጇ ፊቱ ተለዋወጠ። «እንዴ! እኛ እዚህ ስናለቅስ አንቺ ተረት ትጽፊያለሽ?» አላት። ደሜ ፈላ። አፌን ስከፍት እህቴ ቀደመችኝ።

«መዋሸቴ ጥፋት ነው፣ ይቅር በሉኝ። ግን ደህና ሆኜ ስለምናችሁ ይቺ ክፍል የት ነበረች?»

ባሏ አንገቱን እንደደፋ «ልብ ወለድሽ ምን ላይ ደረሰ?» አላት።

«ሴትዮዋ ቤቷን ጥላ ልትወጣ ስትል።»

ቀና ብሎ አያት። «ትወጣለች?»

«ገና አልወሰንኩም።»

«እባክሽ ተረጋግተሽ አስቢበት» አለና ተነሥቶ የክፍሏን በር ከፈተላት።