ያሱዞ ሳይሞት የደረሰው የሐዘን ቴሌግራም

በጃፓን፣ በኒጋታ ተራሮች ሥር ባለችው መንደራችን ጋሽ ጊሄይ የወግ አጥባቂው ፓርቲ እጅና እግር ነበሩ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ ሰው በሞተ ቁጥር ወደ ፓርላማ እንደራሴያችን ጽሕፈት ቤት የሚደውሉት እሳቸው ናቸው፤ የእንደራሴው የሐዘን ቴሌግራምም በቀብሩ ላይ ከሁሉ በፊት ይነበባል። ተቃዋሚዎቹ የሚታዩት በምርጫ ሰሞን፣ ድምፅ ማጉያ ተሸክመው ነው። ፓርቲያችን ወንበሩን ያልለቀቀው በንግግር እንዳይመስላችሁ፤ በለቅሶ ነው።

እኔ ምክትላቸው ነበርኩ፤ ጥፋቱም የእኔ ነው። ምርጫው ሳምንት ሲቀረው፣ ታሞ በተኛው በያሱዞ ደጃፍ የቡድሃ መነኩሴውን የእንጨት ጫማ አየሁ። በእኛ ዘንድ መነኩሴ ሰው ቤት የሚመጣው ለሙታን ጸሎት ነው። ያሱዞ የላይኛው ሰፈር አውራ ነው፤ እሱ ያለውን ሰፈሩ ሁሉ ይመርጣል። ተቃዋሚዎቹ እንዳይቀድሙን ብዬ ሮጥኩ።

"ጋሼ፣ ያሱዞ አለቀ!" አልኳቸው።

አላጣሩም፤ ደወሉ። ለካ መነኩሴው የመጣው ለያሱዞ እናት ሙት ዓመት ጸሎት ኖሯል። ቴሌግራሙን ከፖስተኛው እጅ የተቀበለው ራሱ ያሱዞ ነው። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

በማግስቱ ይቅርታ ልንጠይቅ ሄድን። ጋሽ ጊሄይ ግንባራቸውን ምንጣፉ ላይ ደፍተው አልነሣም አሉ።

"ተነሣ እንጂ ጊሄይ!" አለ ያሱዞ ከፍራሹ ላይ ሆኖ። "ቀብሬ እንዴት ነበር? ሰው መጣ?"

"አታሹፍብኝ። ስደበኝ።"

"ለምን እሰድብሃለሁ? እነዚያ ተቃዋሚዎች እኮ መታመሜንም አያውቁም። እናንተ ቢያንስ መሞቴን ሰምታችኋል።" ሳሉ እስኪያልፍለት ጠበቀ። "ድምፃችን የእናንተው ነው። ግን በረዶ ጠራጊው መኪና እኛ ሰፈር ድረስ ይውጣ ብለህ ለእንደራሴው ንገርልኝ።"

ስንወጣ ጋሽ ጊሄይ፣ "በጥፊ ቢያጠናግረኝ ይሻለኝ ነበር" አሉኝ።

የላይኛው ሰፈር ድምፅ አንድም ሳይጎድል ለእኛ ሆነ። በድሉ ማግስት እንደራሴው ሊያመሰግን መጥቶ የጋሽ ጊሄይን እጅ በሁለት እጁ ጨበጠ።

"ምስጋናው ለላይኛው ሰፈሩ ለያሱዞ ነው፣ ክቡርነትዎ" አሉ ጋሽ ጊሄይ። የበረዶ ጠራጊውን ነገር ሊያነሡ አፋቸውን ሲከፍቱ የእንደራሴው ፊት በሐዘን ጠቆረ።

"አዬ ያሱዞ! ነፍሱን ይማር። ቴሌግራም ልኬ ነበር፤ ደረሰ?"

ጋሽ ጊሄይ ጎንበስ አሉ። "ደርሷል፣ ጌታዬ።"

እኔም አጠገባቸው ቆሜ አብሬ ጎነበስኩ። አልሞተም ያለ ሰው የለም።