የእትዬ ካርዶች

የእህቴ ባል ጋሼ ኮምፒውተር ጠጋኝ ነው። እህቴ፣ እኔ እትዬ የምላት፣ እሷም ጠጋኝ ነበረች፤ ከእሱ ትበልጥ ነበር ብል ራሱም አይክደኝም። ከሞተች ወዲህ ጋሼ ሱቁን እንደወትሮው ይከፍታል፣ እንደወትሮው ይዘጋል። ካናገሩት ይመልሳል፤ ካላናገሩት የለም። እኔም ከእሱ አልሻልም። ሰው መጥቶ ሲያጽናናኝ ስለ ሌላ ሰው የሚያወራ ይመስለኛል።

ካርዶቹ መደርደሪያው ላይ ናቸው። ድሮ ኮምፒውተር ውስጥ ይሰኩ የነበሩ፣ የሠራቸው ፋብሪካ እንኳ ስሙ የጠፋ ሰሌዳዎች። የግማሾቹን ጥቅም እትዬም አታውቀውም ነበር። ጋሼ ቺፕ ቸግሮት እጁን ወደዚያ በሰደደ ቁጥር ታዲያ፣ "እኔ ቆሜ እያለሁማ አይነኩም!" ትለዋለች። ምክንያቷን ብትጠየቅ አልነበራትም። ግን እትዬን ማን ደፍሮ ይከራከራታል?

ባለፈው የእኔ የጥልፍ ማሽን ቆመች። የሚያዛት አሮጌ ኮምፒውተር ነው፤ ውስጡ የተቃጠለችው ቺፕ ደግሞ ገበያ ላይ የለችም። ያለችው ከእነዚያ ካርዶች በአንዷ ላይ ብቻ ነው። ማሽኗ ካልሠራች እኔ ሥራ የለኝም።

"ጋሼ፣ ምን ይሻላል?" አልኩት።

"እህቷ አንቺ ነሽ።"

"ባሏ አንተ ነህ።"

ጋሼ እጁን ወደ መደርደሪያው ሰደደ። ካርዷን አገላበጣት።

"ከነቀልናት ካርዷ አለቀላት። ካልነቀልናት አንቺ አለቀልሽ" አለ። ይቀልድ አይቀልድ ከፊቱ አይታወቅም።

"ንቀላት" አልኩ። ይከፋኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። ምንም አልተሰማኝም።

ሙቅ አየር የሚተፋውን መሣሪያ አበራ፤ በሌላው እጁ ወረንጦ ያዘ። የብየዳው እርሳስ ቀልጦ ሲያብረቀርቅ እኔ እንኳ አየሁት። ጋሼ ግን ቺፗን አላነሳትም። ዝም ብሎ ያሞቃል። ሰሌዳው ጠቆረ፣ ሽታው አፍንጫዬን ሰነጠቀው።

"ኧረ ጋሼ! ምን ነካህ? አንሳት እንጂ!"

መሣሪያውን አጠፋ። ቺፗም ካርዷም ከሰል ሆነዋል። ልጮህበት አፌን ከፍቼ ነበር፤ ቀደመኝ።

"እሳቱን የምይዘው እኔ ነኝ፣ መቅለጡን የምታየው እሷ ናት። ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምንሠራው። 'አንሳ' ትለኛለች፣ አነሳለሁ።" ወረንጦው አሁንም እጁ ላይ ነው። "እስክትለኝ እየጠበቅኩ ነበር።"

ወረንጦውን ከእጁ ተቀበልኩት። እህቴ መሞቷን ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው።